አንድ ረድፍ ወይስ ሁለት? የኦርጋን ልምምድ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ አንደኛ ሳምንት

የአማርኛ ጉባኤያችን እሑድ ከሰዓት የሚሰበሰበው ሐምቡርግ ውስጥ አንድ የሉተራውያን ቤተ ክርስቲያን ተከራይቶ ነው። እኔ ታች ያማሃ ኪቦርዴን ዘርግቼ መዝሙር አጅባለሁ። ከኋላ ሰገነቱ ላይ ደግሞ ኦርጋኑ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ዓመታት ቀና እያልኩ ሳየው ከረምኩና አንድ ቀን ደፈር ብዬ የቤቱን ካንቶር አስተምሩኝ አልኳቸው። ካንቶር እዚህ አገር የመዘምራኑም የኦርጋኑም ኃላፊ ነው። የእኛዋ ስልሳን የተሻገሩ፣ ቁጥብ፣ ቡና እንጂ ምስጋና የማይወዱ ሴት ናቸው። ይኸው ስድስተኛ ዓመቴን ያዝኩ።

አሁን የቤት ሥራ ተሰጥቶኛል። በአድቬንት፣ ማለትም ከፈረንጆቹ ገና በፊት ባሉት ሳምንታት፣ አንድ ምሽት ለሃያ አምስት ደቂቃ ብቻዬን እጫወታለሁ። አራት ሥራዎች ናቸው፣ ሁሉም ከአሮጌው የአውሮፓ ሙዚቃ፣ ባሮክ ከሚባለው ዘመን (ከ1600 እስከ 1750 ገደማ)። አንድ የፍሬስኮባልዲ ቶካታ (በነፃነት የሚሄድ ቁራጭ)፣ አንድ የባች ኮራል (በቤተ ክርስቲያን መዝሙር ላይ የተሠራ)፣ አንድ የስዌሊንክ ፋንታዚያ፣ መጨረሻ ላይ የባች ፉጋ (ድምፆች አንድ ዜማ እየተከታተሉ የሚቀባበሉበት)። ስዌሊንክን ባሮክ ነው ብሎ መጥራት ሊያከራክር ይችላል። እኔ ግን አልከራከርም፣ ጣቴ ላይ ያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቃል እናስተካክል። እኛ ቤት ኪቦርድ ሲባል ሙሉ መሣሪያው ነው። ኦርጋን ላይ ግን ኪቦርዶቹ እንደ ደረጃ ተደራርበው ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ይሆናሉ። እኔ እያንዳንዱን «ረድፍ» እለዋለሁ። የእኛ ኦርጋን ሁለት ረድፍና ለእግር ፔዳል አለው። እያንዳንዱ ረድፍ የራሱ ቱቦዎች አሉት፣ የቱቦዎቹን ዓይነት የምንመርጠው ከግራና ከቀኝ የተደረደሩትን እጀታዎች በመሳብ ነው። እጀታዎቹን እዚህ ሬጂስተር ይሏቸዋል። ቁልፉን ብትደበድበውም ብትዳብሰውም ድምፁ ያው ነው። ስለዚህ መሃል ላይ ድምፅ መቀየር ከፈለግክ ወይ አንድ ሰው ሬጂስተር ይሳብልሃል፣ ወይ እጅህን አንስተህ ወደ ሌላው ረድፍ ትዘላለህ።

ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ነው። አብዛኛው የዚያ ዘመን ኖታ የትኛው እጅ የትኛው ረድፍ ላይ እንደሚሄድ አይናገርም። ካንቶሯ ኖታዎቹን ሰጥተውኝ «በሚቀጥለው ሳምንት ለእያንዳንዱ ስንት ረድፍ እንደምትጠቀም ንገረኝ፣ ምክንያቱንም ጨምረህ» ብለውኝ ወጡ።

ማክሰኞ

ፍሬስኮባልዲ ተፈታ። አምስት ደቂቃም አልፈጀ። ሰውየው የሮማው ቅዱስ ጴጥሮስ ኦርጋኒስት ነበር፣ ቶካታው ደግሞ በ1635 ከታተመው «ፊዮሪ ሙዚካሊ» የተወሰደ ነው። ካህኑ ኅብስቱን ከፍ ሲያደርግ የሚመታ ረጋ ያለ ሙዚቃ ነው። የዚያን ጊዜ የጣሊያን ኦርጋን በብዛት ባለ አንድ ረድፍ ነበር። የሌለውን ረድፍ አስቦ የጻፈ የለም። አንድ ረድፍ፣ አንድ ፕሪንሲፓል (የኦርጋኑ መሠረታዊ ድምፅ)፣ አለቀ።

ሐሙስ ማታ

የባች ኮራል። በባች ሥራዎች ዝርዝር ቁጥሩ 639 ነው። የመዝሙሩ ስም ወደ እኛ ሲመጣ «ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፣ ወደ አንተ እጣራለሁ» ይሆናል። «ኦርጌልቢዩህላይን» ከተባለው መድበል ነው። ባች 164 መዝሙር ሊጽፍበት አቅዶ 46 ብቻ ጽፎ የተወው ደብተር። እንዲህ ያለ ሰው እንኳ ጀምሮ መተው ያውቃል፣ እኔን ደስ ይለኛል።

እዚህ ላይ ክርክር የለም፣ ራሱ ርዕሱ ላይ «በ2 ክላቪየርና በፔዳል» ብሎታል፣ ክላቪየር ያው ረድፍ ነው። ቀኝ እጅ ዜማውን ይይዛል። ግራ እጅ ሳያቋርጥ ከሥር እንደ ጅረት ይሮጣል። እግር እርምጃ ይቆጥራል። ሦስት ድምፅ ብቻ።

ለማየት ያህል ሁሉንም በአንድ ረድፍ ሞከርኩት። ዜማው ጠፋ። ዘፋኙንም ክራሩንም አንድ ማይክ ላይ እንደመቅዳት ነው፣ የሚሮጠው የሚዘገየውን ይውጠዋል። ቀኝ እጄን ወደ ላይኛው ረድፍ ወስጄ ትንሽ የምትነጫነጭ ሬጂስተር ሳብኩ፣ ትሬሙላንቱንም ጨመርኩበት። ትሬሙላንት ንፋሱን እያወዛወዘ ድምፁን የሚያንቀጠቅጥ ማሽን ነው። ያኔ ዜማው ብቻውን ቆመ። አንዲት እናት ማታ ማታ ብቻዋን የምታንጎራጉር ነው የሚመስለው።

ስፔኖች ይህን ጣጣ በሌላ መንገድ ነው የፈቱት። አንዱን ረድፍ መሃል ላይ ለሁለት ይከፍሉታል፣ ከመካከለኛው ዶ አካባቢ በላይ ያለው አንድ ድምፅ፣ በታች ያለው ሌላ ድምፅ እንዲሰጥ። ብልህ ነገር ነው። ለዚህ ኮራል ግን አይሠራም፣ ግራ እጁ ድንበሩን አልፎ እየወጣ ይመለሳልና።

ቅዳሜ፣ ሁለተኛ ሳምንት

ዛሬ ወደ ፉጋው ገባሁ። ቁጥር 578፣ በሶል ማይነር። «ትንሹ ፉጋ» ይሉታል፣ ትንሽነቱ ግን ለስሙ ነው። ሶል፣ ሬ፣ ሲ ፍላት ብሎ ይነሳል። ዋናውን ዜማ አንድ ድምፅ ብቻውን ይለዋል፣ ሁለተኛው ይከተላል፣ ሦስተኛው ይገባል፣ በመጨረሻ እግር ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ዋናው ዜማ ብቅ ጥልቅ እያለ ይሄዳል፣ በመሃል በመሃል ደግሞ ፔዳል የሚያርፍባቸው ቀለል ያሉ ቦታዎች አሉ።

እኔ እነዚህን ቀላል ቦታዎች አይቼ ምራቄን ዋጥኩ። ፔዳል ሲያርፍ ወደ ላይኛው ረድፍ ዘልዬ ለስለስ አድርጌ መጫወት፣ ዋናው ዜማ ሲመለስ ወደ ታችኛው ወርጄ ማስጮህ። ብዙ ቀረጻዎች ላይ እንዲህ ሲደረግ ሰምቻለሁ። ባለቀለም እርሳስ አወጣሁ። ቀይ ለታችኛው፣ ሰማያዊ ለላይኛው። ኖታው የልጅ ደብተር መሰለ።

ከዚያ መጫወት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ዝላይ ላይ ተሰናከልኩ። ጣቶቼ ከብደው አይደለም። ፉጋ ውስጥ ሁሉም ሰው እኩል አይጨርስም። ቀኝ እጄ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ግራ እጄ ሌላ ወሬ ጀምሯል። ቀኙን ይዤ ልውጣ ካልኩ ግራው ታች ቀረ። ሁለቱንም ይዤ ልውጣ ካልኩ አንዱን ድምፅ አፉ ላይ መቁረጥ አለብኝ። ስመለስም ያው ነው፣ ዋናው ዜማ ቀድሞ በአንድ እጅ ይገባል፣ ሌላው እጅ ገና ላይ ነው።

መፍትሔ ፈለግኩ። አንዱን ኖታ አሳጠርኩ። አንዱን በሌላኛው እጅ ያዝኩ። አንድ ቦታ ላይ የግራ እጄ አውራ ጣት ታችኛው ረድፍ ላይ፣ የቀሩት አራቱ ላይኛው ላይ ሆኑ። እንደ ሸረሪት። ግን ተጫወትኩት። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

እሑድ

ከጉባኤ በኋላ ስልኬን አምስተኛው አግዳሚ ላይ አቁሜ ፉጋውን ቀዳሁት። ማታ ቤት ከባለቤቴ ጋር ሰማነው። ወጥ እያማሰለች ነበር። የመጀመሪያው ዝላይ ሲደርስ ማንኪያውን ይዛ ዞር አለች።

«ምን ነካህ? መብራት የጠፋ መሰለኝ።»

ሳቅኩ፣ ግን ልክ ናት። እኔ ሰገነቱ ላይ ሆኜ ለስላሳ የመሰለኝ ነገር ታች ሲደርስ የለም። የእኛ ኦርጋን ላይኛው ረድፍ ቱቦዎች ከኋላ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ድምፁ ከሳጥኑ ወጥቶ፣ ግድግዳ መትቶ፣ አግዳሚው ጋ እስኪደርስ ጉልበቱ አልቋል። ያ ሁሉ የሸረሪት ሥራ በር የተዘጋ ነው የሚመስለው። እንደገና ወደ ታች ስወርድ ደግሞ በሩ በርግዶ ይከፈታል።

ረቡዕ

ካንቶሯ ቀይና ሰማያዊውን ኖታ አዩት። ምንም አላሉም። ቡናቸውን አስቀመጡና አንዱ ሰማያዊ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«መውጫ በሩ የት ነው?»

«እዚህ ጋ አንዱን ኖታ ካሳጠርኩት…»

«ያ መስኮት ነው። በር አሳየኝ።»

ከዚያ ሁለት ኖታ አወጡ። አንደኛው ባች ራሱ በ1739 ያሳተመው ነው፣ ቁጥር 552፣ ፕሬሉድ (መግቢያ) እና ፉጋ። ፕሬሉዱ ውስጥ «ፒያኖ» (ቀስ) እና «ፎርቴ» (ጮክ) የሚሉ ቃላት ታትመዋል፣ አጭር ሐረግ ይባልና እንደ ማሚቶ በለስላሳ ድምፅ ይደገማል። ፉጋው ግን ከእንዲህ ያለ ቃል ነፃ ነው። ሁለተኛው ቁጥር 538 ነው፣ «ዶሪያን» የሚሉት ቶካታና ፉጋ። ቶካታው ላይ የረድፎቹ ስም አሁንም አሁንም ተጽፏል፣ እዚህ ዋናው፣ እዚህ ፖዚቲፉ (ሌላው፣ ትንሹ ረድፍ)፣ ቀኝ እጅ ቀድሞ ይሂድ፣ ግራው ይከተል። ፉጋው ሲመጣ ምልክቱ ሁሉ ጠፋ።

ቶካታውን ቀስ ብለው ተጫወቱልኝ። ለመዝለል ጭንቀት የለም። አንዱ ሐረግ ሲያልቅ ለሌላው ቦታ ይለቃል። እጅ የሚነሳበት ትንፋሽ እዚያው ሙዚቃው ውስጥ ተሰፍቷል።

እኔም ዝም አላልኩም። አብዛኛው የባች የኦርጋን ሥራ እጃችን የደረሰው በተማሪዎቹና በሌሎች ሰዎች ግልባጭ ነው። የእኔም 578 በእጁ የጻፈው የለም። ገልባጭ ምልክት ሊዘል ይችላል አልኳቸው።

«ይችላል» አሉኝ። «በእጁ የጻፈው 544 ግን አለ። ከፍተህ እየው።» ከፈትኩ። የሲ ማይነር ፕሬሉድና ፉጋ ነው፣ ንጹሕ ቅጂ። ስለ ረድፍ ለውጥ አንድም ቃል የለም።

ይህ ማስረጃ ክርክሩን ይዘጋል አልልም። ያኔ ተጫዋቹ ሳይነገረው የሚያውቀው ብዙ ነገር ነበር፣ ባች ራሱም በሬጂስተር ምርጫው ሰዎችን ያስደንቅ እንደነበር ተጽፏል። ግን እኔ ላይ ያለው ሸክም ተገለበጠ። እስከ ዛሬ «ለምን አልቀይርም?» ነበር የምለው። አሁን «ለምን እቀይራለሁ?» ሆነ።

የፈረንሳዮቹን ኖታ ከፍቼ ስጠይቅ የሳቁብኝ መሰለኝ። ፈረንሳይ ውስጥ ይህ ጥያቄ የለም ማለት ይቻላል፣ የሥራው ስም ራሱ ይናገራል። ፈረንሳዊው ኦርጋኒስት ደ ግሪኚ በ1699 ባሳተመው መጽሐፍ ባለ አምስት ድምፅ ፉጋዎች አሉ። ሁለቱ ድምፅ በቀኝ እጅ አንድ ረድፍ ላይ፣ ሁለቱ በግራ እጅ ሌላ ረድፍ ላይ፣ አምስተኛው በእግር። ባች ይህን መጽሐፍ ቁጭ ብሎ በእጁ ገልብጦታል። ስለዚህ አያውቅም ነበር ማለት አይቻልም።

ቅዳሜ፣ ሦስተኛ ሳምንት

ኖየንፌልደ ሄድኩ። የሐምቡርግ ዳር ናት፣ የፖም እርሻ የከበባት። ያ ስመ ጥር ኦርጋን ሠሪ አርፕ ሽኒትገር እዚያ ቤት ነበረው፣ በ1719 የተቀበረውም እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ኦርጋኑ የ1688 ሥራው ነው፣ ሁለት ረድፍ፣ 34 ሬጂስተር። ከተማ መሃል ቅዱስ ያዕቆብ ያለው የ1693ቱ ሥራው አራት ረድፍና 60 ሬጂስተር አለው። ባች በ1720 የዚያ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋኒስት ለመሆን አመልክቶ ሳይሆንለት ቀርቷል። እኔ ግን ለጥያቄዬ ሁለቱ ረድፍ ይበቃኝ ነበር።

የቤቱ ኦርጋኒስት ለጥቂት ጎብኚዎች ያሳይ ነበር። እኔ ታች ቀረሁ። አንድ ሐረግ በላይኛው ረድፍ ተጫወተ። ድምፁ ከትልቁ ሣጥን ወጥቶ ከላይ ወረደ። ያንኑ ሐረግ በታችኛው ደገመው። ዞር ብዬ አየሁ፣ ሰው አጠገቤ የተጫወተ መሰለኝ።

ታችኛው ረድፍ የሚያዘው ሌላ ትንሽ ኦርጋን ነው፣ የሰገነቱ መከታ ላይ፣ ከተጫዋቹ ጀርባ፣ ወደ ሕዝቡ የወጣ። «የጀርባ ፖዚቲፍ» ይሉታል። ድምፁ ለስላሳ አይደለም። ቅርብ ነው። ሁለቱ ረድፎች ጮክና ቀስ አይደሉም፣ እዚያና እዚህ ናቸው።

ወዲያው ትዝ ያለኝ ማኅሌት ነው። አያቴ በልጅነቴ ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ፣ ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ቆመው፣ አንዱ ሲያነሳ ሌላው ሲቀበል። የግራው ወገን ከቀኙ አያንስም። ልዩነቱ ድምፁ የሚመጣበት ቦታ ነው። ያኔ ጆሮዬ ያለ ምንም ማብራሪያ የገባውን ነገር ለጣቴ ለማስረዳት ስድስት ዓመት ፈጀብኝ።

በባቡር ስመለስ አንድ ነገር ገባኝ። የእኔ ኦርጋን ላይኛው ረድፍ የሩቅ ሳጥን ነው። እዚያ ላይ «እየተቀባበልኩ ነው» ብል አንደኛው ወገን ውጭ በረንዳ ላይ ቆሞ እየዘመረ ነው።

ሰኞ

ስዌሊንክ። የአምስተርዳሙ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋኒስት፣ በ1621 የሞተ። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ጀርመኖች ናቸው፣ ሐምቡርግን የመሳሰሉ ከተሞች ኦርጋን አጨዋወታቸውን ከእርሱ ወርሰዋል። እኔ የያዝኩት ከኤኮ (ማሚቶ) ፋንታዚያዎቹ አንዱን ነው።

እዚህ በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ ነው። ግራ እጅ ቆሞ ይጠብቃል፣ ቀኝ እጅ አጭር ነገር ይላል፣ ይዘላል፣ ያንኑ ይደግማል፣ ይመለሳል። ሩቁ ሳጥን ለዚህ ተፈጥሯል፣ ማሚቶ ሩቅ ነውና። ሌላ ዓይነት ማሚቶም አለው፣ ሐረጉ አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) ዝቅ ብሎ የሚደገምበት። እነዚያን በአንድ ረድፍ ተውኳቸው። ከፍታው ስለተቀየረ ጆሮ ለብቻው ያውቃቸዋል፣ ሁለት ጊዜ መንገር አያስፈልግም።

ችግሩ የዘለልኩት እጅ ነው። ሦስት ጊዜ ሁለቱ ረድፎች መሃል ወደቀብኝ። የሚወጣው ድምፅ የሳህን መደርደሪያ ሲፈርስ ያለው ነው።

ሐሙስ

ፉጋው ላይ ወሰንኩ። አንድ ረድፍ። ዋናው ረድፍ፣ ከመጀመሪያው ባር (የኖታው አጭር ክፍል) እስከ 68ኛው።

የወሰነልኝ 25ኛው ባር አካባቢ ያለ ቦታ ነው። ዋናው ዜማ ከመሃል ድምፆቹ በአንዱ፣ በቴኖሩ፣ ይጀምራል። መጣ ስትል ላይኛው ድምፅ ይቀማውና እርሱ ይቀጥለዋል። ቴኖሩ እንዳልነበረ ይሆናል። ቆንጆ ሌብነት ነው። በሁለት ረድፍ ስጫወተው ሌባው ተያዘ፣ አጀማመሩ አንድ ቀለም፣ አጨራረሱ ሌላ ቀለም። ስፌቱ ወጣ። በአንድ ረድፍ ሲሆን ግን ማን ለማን እንዳቀበለ ሳታውቅ ታልፋለህ።

ይሰለቻል ብዬ የፈራሁትም አልደረሰም። ፔዳል ሲያርፍ ከሥር ያለው ክብደት በራሱ ይነሳል፣ ሲመለስ መሬቱ ይመለሳል። ለውጡን ባች በድምፆቹ ቁጥር ሠርቶታል። እኔ ላዩ ላይ ሌላ ለመጨመር ነበር የምለፋው።

ቀዩንም ሰማያዊውንም በላጲስ አጠፋሁ። ባለቀለም እርሳስ ደግሞ በደንብ አይጠፋም። ኖታው ሐምራዊ ጭጋግ ሆኖ ቀረ፣ የላጲሱ ፍርፋሪ ቁልፎቹ መሃል ገባ። ካንቶሯ እንዳያዩ በብሩሽ ጠረግኩት።

ዓርብ፣ የመጨረሻ ልምምድ

ሬጂስተር የሚስብልኝ ከጉባኤያችን አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛው ጥሩ የሆነ፣ ትዕግሥቱ አጭር። «ጋሼ፣ አሁን ልሳብ?» «ቆይ!» «አሁንስ?» በዚህ ዓይነት አራቱን ሥራ አለፍን። ወረቀት ላይ ጻፍኩለት። ፍሬስኮባልዲ፣ አንድ ረድፍ። ኮራሉ፣ ሁለት፣ ትሬሙላንት ይሳባል። ስዌሊንክ፣ ሁለት። ፉጋው፣ አንድ፣ ሙሉ ድምፅ። ትሬሙላንቱ ከኮራሉ በኋላ እንዲጠፋ ግን መጻፍ ረሳሁ።

እሑድ ማታ፣ ከምሽቱ በኋላ

አርባ ያህል ሰው መጣ። ማሞቂያው ደካማ ነበር፣ እጄን ብብቴ ውስጥ እያስገባሁ ነው የጀመርኩት። ፍሬስኮባልዲ በሰላም ሄደ። ኮራሉም። ስዌሊንክን ጀመርኩ፣ የመጀመሪያውን ሐረግ አልኩ፣ ወደ ላይኛው ረድፍ ዘለልኩ፣ እጄም አልወደቀም። ማሚቶው ግን እንደ ፍየል ተንቀጠቀጠ። ትሬሙላንቱ! ልጁን በዓይኔ ጠቀስኩት። ልሳብ የተባለ መስሎት ሌላ እጀታ ያዘ። በጭንቅላቴ «ተው» አልኩትና እየተንቀጠቀጥን ጨረስነው።

ፉጋው ላይ ስልኩ አምስተኛው አግዳሚ ላይ ነበር። ቤት ስንገባ ባለቤቴ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«አሁን መብራቱ አልጠፋም» አለች።

ከሕዝቡ ሁለት አስተያየት ሰበሰብኩ። አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት ያ የሚንቀጠቀጠው ማሚቶ እንዴት ልብ ይነካል፣ ኖታው ላይ ተጽፏል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከእኛ ጉባኤ አንዲት እናት ደግሞ ስለ ረድፍ ጉዳይ ምንም የሚያስጨንቃቸው ነገር የለም። «ልጄ፣ እጅህንስ አውቀዋለሁ፣ በእግርህም እንደምትጫወት ግን ማን ነገረኝ?» አሉኝ።

ካንቶሯ ቡና ሲቀዱ «ሐምራዊው ጭጋግ አላስቸገረህም?» አሉኝ። ለካ አይተዋል። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፍተው 538ን ሰጡኝ፣ የረድፍ ምልክቱ ሁሉ የታተመበትን ቶካታ። ቅዳሜ እንጀምራለን። ባለቀለም እርሳስ እንዳላመጣ ተነግሮኛል።